ኮርኒስ ውስጥ የሚደበቅ ኤሲ፦ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴና ቆቦ ላይ ቤት ለምትሠሩ

ኤሲው ኮርኒስ ውስጥ ተደብቆ ግሪሉ ብቻ እንዲታይ ከፈለጋችሁ፣ ውሳኔው የሚወሰነው ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያው) ከመሞላቱ በፊት ነው። ብዙ ሰው ግን የሚደውልልኝ ጂፕሰሙ አልቆ፣ ግድግዳው አንደኛ እጅ ቀለም ከጠጣ በኋላ ነው። ያኔ ያለው ምርጫ ወይ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ስፕሊት መግጠም ነው፣ ወይ አዲሱን ኮርኒስ ማፍረስ። ሁለቱም ያንገበግባል። እዚያ ሳትደርሱ ብታነቡት ብዬ ነው የምጽፈው።

ሥራዬ ኤሲ መግጠምና መጠገን ነው። መቀመጫዬ ኮምቦልቻ ነው፤ ወደ ከሚሴ፣ ባቲ፣ ሐይቅ፣ ወልዲያና ቆቦም እወጣለሁ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ ዓረብ አገር ሠርተው የመጡ ወይም እዚያው ሆነው ለቤተሰብ ቤት የሚያሠሩ ናቸው። ጅዳ ወይም ዱባይ ያዩትን ዓይነት ቤት ይፈልጋሉ። ደስ ይላል፣ ቤቱም ያምራል። የጅዳን ልክ እንዳለ ወሎ ላይ ሲያመጡት ግን ገንዘባቸው በከንቱ ያልቃል። በስንት ዓመት ላብ የተገኘ ገንዘብ ስለሆነ ይቆጨኛል።

ያስፈልጋችኋል ወይ?

ደሴ ከሆናችሁ መልሴ አጭር ነው፤ አያስፈልጋችሁም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የደሴ ችግር የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ነው። «ሙቅም ቀዝቃዛም የሚሠራውን አስገባልኝ» የሚሉኝ አሉ። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ ከኮርኒስ የተነፋ ሙቀት እግር ድረስ በደንብ አይወርድም። ለደሴ ብርድ ወለል ላይ የሚቀመጥ ማሞቂያ ይሻላል፤ ብሩም ይተርፋችኋል።

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከሰዓት በኋላ ይከብዳል፤ ሌሊቱ ግን ቀዝቀዝ ይላል። ብዙ ቤት ሳሎኑንና ፀሐይ የሚመታውን አንድ ሁለት መኝታ ቤት ብቻ ቢያስገጥም ይበቃዋል። ከሚሴ፣ ባቲና ቆቦ ወረድ ስለሚሉ ሙቀቱ ጠንከር ይላል። እዚያ ኤሲ ቅንጦት ነው ብዬ አልከራከርም።

የትም ሁኑ፣ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ጣሪያውን እዩ። ቆርቆሮ ሥር በቀጥታ ጂፕሰም ከተመታ፣ በቀትር ኮርኒሱ ውስጥ ያለው አየር ከውጪው በጣም ይሞቃል። የምንደብቀው ማሽንና ዳክት (አየሩን ወደ ክፍሉ የሚያደርሰው ቦይ) ደግሞ የሚተኛው እዚያው ነው። ቀዝቃዛ አየር በሞቀ ክፍተት ውስጥ አሳልፎ ወደ ክፍል ማድረስ ማለት ነው። ቆርቆሮው ሥር ፎም ወይም የመስታወት ሱፍ አስነጥፉ፤ ሙቀቱ የሚወጣበት ቀዳዳም ግራና ቀኝ አስተዉ። በምዕራብ በኩል ያለውን መስኮት በረንዳ ወይም ዛፍ ይጋርደው። እነዚህ ከተሠሩ 24,000 ቢቲዩ ጉልበት ያለው ማሽን ይጠይቅ የነበረው ክፍል ብዙ ጊዜ 18,000 ይበቃዋል። ልዩነቱ በማሽኑም በመብራቱም ይታያል።

ልኩን መያዝ

የማሽን ጉልበት የሚለካው በቢቲዩ ነው። ገበያ ላይ የምታገኙት 9,000፣ 12,000፣ 18,000፣ 24,000፣ 36,000 እያለ ይሄዳል። 12,000 ቢቲዩ አንድ ቶን ይባላል፤ 3.5 ኪሎዋት ገደማ የማቀዝቀዝ ጉልበት ነው።

እኔ የምነሳው ከዚህ ነው፦ ኮምቦልቻ ላይ ከላዩ ሶሌታ ያለው ክፍል ከሆነ በካሬ ሜትር 500 ቢቲዩ። ከላዩ ቆርቆሮ ከሆነ ወይም ቤቱ ከሚሴ፣ ባቲ ወይም ቆቦ ከሆነ ከ600 እስከ 700። ይህ መነሻ ነው፤ መስኮቱን፣ አቅጣጫውንና የኮርኒሱን ከፍታ አይቼ ከፍ ዝቅ አደርገዋለሁ።

አንድ ሳሎን እንውሰድ። ኮምቦልቻ፣ 28 ካሬ፣ ከላዩ ሶሌታ፣ ሰፊው መስኮት ወደ ምዕራብ። 28 በ500 ሲባዛ 14,000 ይመጣል። ለምዕራቡ መስኮት 2,000 ያህል እጨምራለሁ። ቀጥሎ ሰው አለ። የወሎ ሳሎን ደግሞ ባዶውን አይውልም። መጅሊሱ ላይ አሥር ሰው ቢቀመጥ እያንዳንዱ ሰው 400 ቢቲዩ ገደማ ሙቀት ያመጣል፤ 4,000 ሆነ። ድምሩ 20,000 ነው፤ ማሽኑ ግን 24,000 ይሁን፣ ምክንያቱ ከሥር አለ። 16 ካሬ የሆነ፣ ሁለት ሰው የሚተኛበት መኝታ ቤት ግን 12,000 ይበቃዋል።

የከፍታው ነገር እንዳይረሳ። ኮምቦልቻ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በሰዓት የሚገፋው መጠን ያው ሆኖ ሳለ ውስጡ ያለው አየር ግን ያነሰ ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጉልበት ሙሉ በሙሉ እጃችሁ አይገባም። ሒሳቡ 17,500 ቢመጣ 18,000 ጠባብ ነው፤ አንድ ደረጃ ከፍ በሉ። «ለማንኛውም ትልቁን» ብሎ ለመኝታ ቤት 24,000 መስቀል ግን ሌላ ጉዳት አለው። ማሽኑ በየአምስት ደቂቃው እየበራ እየጠፋ ኮምፕረሰሩን ይጎዳል፤ እንቅልፍም ይነሳል።

ኢንቨርተር የሚባለውን የኤሲ ዓይነት ግዙ፤ የኮምፕረሰሩን ፍጥነት እንደ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ሲነሳ መብራቱን አይጎትትም፣ ክፍሉ ከቀዘቀዘ በኋላም ፍጥነቱን ቀንሶ ይሠራል። ጄኔሬተር ላይ ሊሠራ ከታሰበ ያለ ኢንቨርተር አትሞክሩት። ጋዙ አር32 ወይም አር410ኤ ይሁን። አር22 በዓለም ደረጃ ከአገልግሎት እየወጣ ያለ ጋዝ ስለሆነ ርካሽ ነው ተብሎ ቢቀርብላችሁም ተዉት።

ከሳዑዲ ማሽን በኮንቴይነር ልታስመጡ ያሰባችሁ ደግሞ ይህን በጥሞና አንብቡ። የሳዑዲ መብራት 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 50። ለሳዑዲ ገበያ የተሠራ ተራ ማሽን እዚህ ሲሰካ ሞተሩ አንድ ስድስተኛ ያህል ዝግ ብሎ ይዞራል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ማሽኑ ጎን ላይ የተለጠፈውን የመረጃ ሰሌዳ ፎቶ አንስተው እንዲልኩላችሁ አድርጉ። «220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ» ወይም «50/60» የሚል ካልሆነ አይጫን። የኤምሬትስ፣ የኳታርና የኩዌት መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ከዚያ የሚመጣው በዚህ በኩል አያስቸግርም። ጋራንቲው ግን ከገዛችሁበት አገር ላይወጣ ይችላል፤ ጠይቁ።

የት ይደበቃል?

ቀጭኑ ዓይነት የውስጥ ማሽን ቁመቱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ነው። መስቀያውንና የውሃውን ተዳፋት ስትጨምሩበት ኮርኒሱ 35 ሴንቲሜትር ያህል መውረድ አለበት። ፎቅ ለፎቅ ጠቦ ከወለል እስከ ሶሌታ 2.80 ሜትር ብቻ የቀረ ቤት 2.45 ይሆናል፤ ሳሎን ላይ ያፍናል። ፕላኑ ገና ከሆነ መሐንዲሱን ከወለል እስከ ሶሌታ 3.20 እንዲያደርግላችሁ ለምኑት። ካልሆነ ሙሉውን ኮርኒስ አታውርዱ። ማሽኑን ኮሪደሩ ወይም የመታጠቢያ ቤቱ መግቢያ ላይ ደብቁትና በግድግዳው በኩል ወደ ክፍሉ ይንፋ። ኮሪደር ዝቅ ቢል ማንም አያስተውለውም።

አንድ ትልቅ ማሽን ለአራት ክፍል ወይስ ለየክፍሉ ትንሽ ትንሽ? እኔ ለየክፍሉ እላለሁ። ትልቁ ሲበላሽ ቤቱ ሁሉ ይሞቃል። አንድ ልጅ ብቻውን ሲተኛ አራት ክፍል ይቀዘቅዛል። ክፍሎቹን የሚለያዩ መዝጊያዎች አሉ፤ ግን ዋጋ ይጨምራሉ፣ መለዋወጫቸውም እዚህ በቀላሉ አይገኝም።

ትራቤ አይበሳ። ለቱቦውና ለዳክቱ ማለፊያ የሚሆን ፕላስቲክ ቱቦ ብረቱ ሲታሰር አብሮ ይቀመጣል፣ ከዚያ ኮንክሪት ይሞላል። በኋላ በመሮ ትራቤ የሚፈለፍል ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት፤ ቤቱን የተሸከመው እሱ ነው።

መመለሻ ግሪል ብዙ ጊዜ የሚበደል ዕቃ ነው። ማሽኑ የሚነፋውን ያህል አየር መልሶ መሳብ አለበት። ለ24,000 ቢቲዩ 60 በ40 ሴንቲሜትር ያህል ግሪል እገጥማለሁ። ለማማር ተብሎ በቀጭን መስመር ከተተካ ማሽኑ ያፏጫል፣ ኮይሉም (አየሩን የሚያቀዘቅዘው ጥቅልል ቱቦ) በረዶ ይይዛል። ቦታውም ይታሰብበት። ቡና የሚፈላበትን ጥግ ቤቱ ሳያልቅ ጠይቁ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ እጣኑ ይጨሳል፤ መመለሻው ከረከቦቱ አናት ላይ ከሆነ ጢሱን ሁሉ ይስበዋል። ማጣሪያው በሁለት ሳምንት ቡናማና የሚያጣብቅ ይሆናል። በሌላው ጫፍ አድርጉት።

ከማሽኑ ሥር 60 በ60 የሆነ የሚከፈት በር ይተው። ጂፕሰም ሠሪው ውበት ይበላሻል ብሎ ይከራከራል። አትስሙት። በር የሌለው ድብቅ ኤሲ ለማጽዳት በመጣሁ ቁጥር ኮርኒስ እየቀደድኩ ነው የምገባው።

ውሃውስ? ማሽኑ ሲሠራ ውሃ ያንጠባጥባል፤ እርጥበት ባለው የክረምት ቀን ብዙ ሊትር ይወጣዋል። ቱቦው በየሜትሩ አንድ ሴንቲሜትር መውረድ አለበት። ስምንት ሜትር ከሄደ ስምንት ሴንቲሜትር ማለት ነው፤ ያ ቦታ ኮርኒስ ውስጥ መኖሩን ቀድማችሁ አስለኩ። ቦታ ከጠፋ ፓምፕ ያለው ማሽን ምረጡ፤ ውሃውን ወደ ላይ 70 ሴንቲሜትር ያህል ያነሳል። ቱቦው ከፍሳሽ መስመር ጋር የሚገናኝ ከሆነ ሽታ እንዳይመለስ ወጥመድ ይደረግለት።

ከሚሴ ላይ አንድ ሐጂ ቤት፣ ሌላ ሰው የገጠመው ማሽን አዲሱን ጂፕሰም አረጠበው ተብዬ ሄድኩ። «ሐጂ፣ እስቲ ውሃ ያቀብሉኝ» አልኳቸው። የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን ሞልተው ሰጡኝ። በበሩ ገብቼ የማሽኑ ውሃ መያዣ ሳህን ውስጥ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩ። የልጅ ልጃቸው ውጪ ቱቦው ጫፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። «መጣ?» እላለሁ። «አልመጣም!» ይላል። ማንቆርቆሪያው አለቀ፣ ሳህኑ ሞልቶ ከንፈሩ ላይ ደረሰ፣ ውጪ አንድ ጠብታ የለም። ቱቦው መሐል ላይ ሆዱ ወደ ላይ ጎብጦ ኖሯል። ሁለት መስቀያ ጨምረን አስተካከልነውና ድጋሚ አፈሰስን። ልጁ «መጣ! መጣ!» ብሎ ጮኸ። ይህን ፍተሻ ጂፕሰሙ ሳይዘጋ አሠሩት። አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ነው የሚጠይቀው።

መብራቱ

24,000 ቢቲዩ ማሽን በሙሉ ጉልበቱ 10 አምፔር ገደማ ይስባል። ከዋናው ቦርድ ለብቻው የሚመጣ ባለ 4 ሚሊሜትር ገመድና 25 አምፔር ብሬከር እሰጠዋለሁ። ለ9,000ና ለ12,000 ባለ 2.5 ገመድና 16 አምፔር ይበቃል። ከሶኬት መስመር ጋር አይጋራ። ሦስት አራት ማሽን ካሰባችሁ፣ ምጣዱም እንዳለ አስቡና መብራት ኃይል ዘንድ ሄዳችሁ የሦስት ፌዝ ቆጣሪ ቀድማችሁ ጠይቁ። የቮልቴጅ መከላከያም የግድ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ የሚያቆየውን ዓይነት ግዙ።

የወሩን ወጪ እንዲህ ገምቱ። ይኸው ማሽን በሙሉ ጉልበት በሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። በቀን አምስት ሰዓት ቢሠራ 11፣ በወር 330 ይሆናል። ኢንቨርተር ከሆነ ከዚህ ይቀንሳል። የቤት ታሪፍ ደረጃ ያለው ስለሆነ ፍጆታው ከፍ ሲል የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይጨምራል። የመጨረሻ ቢላችሁን ይዛችሁ 330 ጨምሩበትና በየትኛው ደረጃ እንደምትገቡ እዩ።

ዋጋውን ማውጣት

ብር አልጽፍላችሁም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ስታነቡት ያሳስታችኋል። የሚጠቅማችሁ ዝርዝሩን መያዝ ነው። ድብቅ ኤሲ ላይ ማሽኑ ከጠቅላላ ወጪው ግማሽ ገደማ ነው። ቀሪው የማይታየው ሥራ ነው፤ ሰው የሚታለለውም እዚያ ላይ ነው። «ማሽኑን ከነመግጠሚያው» ብሎ አንድ ቁጥር የጻፈ ፕሮፎርማ አትቀበሉ።

ለዚያው ለ28 ካሬው ሳሎን የምጽፈው ዝርዝር ይህን ይመስላል። ድብቅ ባለ ዳክት ኢንቨርተር 24,000 ቢቲዩ፣ ከነሞዴል ቁጥሩ። የመዳብ ቱቦ ባለ 3/8 እና ባለ 5/8 ኢንች፣ እያንዳንዱ 9 ሜትር፣ ከነልባሱ (ሙቀት መከላከያ ሽፋኑ)። የጋዝ ጭማሪ፤ ምክንያቱም ማሽኑ ሲመጣ የያዘው ጋዝ አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ሜትር ያህል ቱቦ የሚበቃ ነው። የውሃ መውረጃ 32 ሚሊሜትር ፒቪሲ 7 ሜትር። ዳክት በካሬ ሜትር፣ 25 ሚሊሜትር ልባስ ያለው፤ ቆርቆሮ ሥር ከሆነ 50። የመንፊያ ግሪል፣ የመመለሻ ግሪል፣ ማጣሪያ፣ የኮርኒስ በር። ገመድ፣ ብሬከር፣ የቮልቴጅ መከላከያ። የውጪው ማሽን መቀመጫ። የእጅ ዋጋ። ማጓጓዣ። ከሥሩ ቫት 15 በመቶ፤ ተካቷል ወይስ ይጨመራል የሚለው በግልጽ ይጻፍ። ፕሮፎርማው ለስንት ቀን እንደሚጸናም ይጻፍ።

ይህን ወረቀት ይዛችሁ ኮምቦልቻ ሁለት፣ አዲስ አበባ ደግሞ አንድ ቦታ ዋጋ ጠይቁ። አዲስ አበባ ማሽኑ ሊረክስ ይችላል። ጣርማ በርን አቋርጦ ሲመጣ ግን ማጓጓዣው አለ፤ ሲበላሽ የሚመጣው ሰው አበልም አለ። የውጪው ማሽን ቆሞ ነው መጫን ያለበት። ተኝቶ ከመጣ አቁማችሁ አሳድሩት እንጂ ወዲያው አታስነሱት።

አንዱ ዋጋ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ መዳቡን ጠይቁ። ግድግዳው ከ0.8 ሚሊሜትር የሚሳሳ ቱቦ ርካሽ ነው፤ ግን አፉ ሲሰፋ ይሰነጠቃል፣ ጋዙም ኮርኒስ ውስጥ ያልቃል። ቁራጭ አስመጡና በካሊፐር አስለኩት። ቀጥሎ ልባሱን። ተጨንቃችሁ ስለ ማሽኑ ብራንድ ከምትጠይቁ፣ ስለ ቱቦው ውፍረት ብትጠይቁ ይሻላችኋል።

አከፋፈሉ በደረጃ ይሁን። ማሽኑ ሳይት ላይ ደርሶ የውስጡና የውጪው ማሽን መለያ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ሲመሳከር የማሽኑን ክፈሉ። ቱቦና ዳክት ተዘርግቶ ፍተሻ ሲያልፍ ሁለተኛውን። ቤቱ ተጠናቆ ማሽኑ ሲነፋ የመጨረሻውን። ቀሪው ከእጅ ዋጋው የማያንስ ይሁን፤ ያለዚያ ሰውየው ለፊኒሺንጉ አይመለስም።

ሲረከቡ

ቱቦው በናይትሮጂን ይሞላል። እኔ ለአር410ኤ ግፊቱን 500 ፒኤስአይ አድርጌ 24 ሰዓት አቆያለሁ። ማታ 12 ሰዓት ቁጥሩን ከጌጁ (ከግፊት መለኪያው) አጠገብ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጻፉት፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት አንብቡ። የቀኑና የማታው ሙቀት ስለሚለያይ ነው በተመሳሳይ ሰዓት የምለው። መርፌው ከወረደ ቀዳዳ አለ፤ ጂፕሰም አይመታም። ከዚያ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩና እርጥበቱ ይወጣል። ፓምፕ ሳይዝ መጥቶ «በጋዙ አስወጣዋለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሥራውን አታስነኩት።

ማሽኑ ከተነሳ ሃያ ደቂቃ በኋላ ቴርሞሜትር መመለሻው ላይ፣ ቀጥሎ መንፊያው ላይ ያዙ። ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ከሆነ ደህና ነው። ካነሰ ጋዙ፣ አየሩ ወይም ዳክቱ ላይ ችግር አለ። የውጪውን ማሽንም እዩት። ከኋላው 30 ሴንቲሜትር ክፍተት አለው? ፊት ለፊቱ ክፍት ነው? ለሌባ ተብሎ የሚሠራው የብረት ሳጥን ትንፋሹን እንዳይዘጋው። የጎረቤት መኝታ ቤት መስኮት ላይም አታዙሩት።

ማጣሪያውን በወር አንዴ በውሃ እጠቡ። ቡናና እጣን የማይለየው ቤት በየሁለት ሳምንቱ። ኮይሉ በዓመት አንዴ ሚያዝያ ላይ ይጽዳ፤ ግንቦት ከገባ ሁላችንም ሥራ ይበዛብናል።

ጂፕሰሙ ከመዘጋቱ በፊት ደግሞ በስልካችሁ ሁሉንም ፎቶ አንሱ። ሜትር ዘርግታችሁ፣ ቱቦው ከግድግዳው ስንት ሴንቲሜትር ላይ እንዳለ እንዲታይ። ፎቶውን ለኤሌክትሪሺያኑና ለመጋረጃ ሠሪው ላኩላቸው። የኮርኒስ መብራትና የመጋረጃ ዘንግ ሊሰቅሉ ድሪላቸውን ይዘው የሚመጡት እነሱ ናቸው።